በቡና ወይስ በማመልከቻ?

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የሠራሁትን ሪፖርት ስሜን ሰርዞ በራሱ ስም ለአለቃችን ላከው። ደሜ ፈላ። ሁለት መንገድ ነበረኝ።

አንደኛው ቡና ነው። ጋብዞ «ያ ነገር ደስ አላለኝም» ማለት። እንቢ ካለ፣ ሁለታችንንም የሚያውቅ አንጋፋ ሠራተኛ መሃል ይገባል። ፈጣን ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መኮራረፍም የለም። ግን ወረቀት አይተውም። ነገ ደግሞት «መቼ ተነጋገርን?» ቢልስ?

ሁለተኛው ማመልከቻ ነው። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደሰማ ትጽፋለህ። ሁለት ኮፒ ይዘህ መዝገብ ቤት ትሄዳለህ፤ አንዱ ላይ «ገቢ» ተመትቶ ላንተ ይመለሳል። ያቺ ኮፒ ወርቅ ናት። ቤትህ አስቀምጣት፣ የቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይደለም።

እኔ ቡናውን መረጥኩ፤ ሠራልኝ።

ነገሩ ትንኮሳ ቢሆን ግን ቡና ምን ያደርጋል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ፈጻሚው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ተበዳይዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች፤ ካሳም አላት። 15 የሥራ ቀን ካለፈ ግን በዚህ ምክንያት የመልቀቅ መብቷ ይቀራል። ሽማግሌ ሲለመን 15 ቀን እኮ ምንም አይደለም!

ቡጢ ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ አይደለም። በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት፣ እንደ ክብደቱ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስባርራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ የምትዳኘው በሌላ ሕግ ነው።