ዘጋቢ ፊልም ከመግዛትዎ በፊት፦ የባሕር፣ የዱር እንስሳትና የአደጋ ፊልሞች ንጽጽር

ስለ ባሕር፣ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ አደጋ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ገዢው ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ይለካቸዋል፦ ምስሉ 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ የምስል ደረጃ) ነው ወይ? ጥያቄው ለባሕር ፊልም ትክክል ነው። ለአደጋ ፊልም ግን ከንቱ ወጪ ያስወጣል፤ እዚያ ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ፊልሞች

ውኃ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ለካሜራም ለቴሌቪዥንም ፈተና ነው። የፀሐይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ነው፤ ከ10 ሜትር በታች ያለ መብራት የተቀረጸ ነገር ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ስክሪኑን የሚሞላው ከላይ ፈካ ብሎ ጀምሮ ወደ ታች ቀስ በቀስ የሚጠቁር ሰማያዊ ነው። በዲቪዲና በተራው ብሉሬይ (ከዲቪዲ የተሻለ ጥራት ያለው ዲስክ) እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ያለው 256 የድምቀት ደረጃ ስለሆነ ያ ሰማያዊ ለስላሳ ሆኖ በመውረድ ፈንታ ተቆራርጦ፣ ሰፋፊ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። በ4ኬ ዲስክ ደረጃው 1024 ይደርሳል፤ ቀለበቱም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ሌላው ችግር የምስል መጨመቅ ነው። ቪዲዮ የሚጨመቀው በምስሉ ውስጥ ያልተለወጠውን ክፍል ደጋግሞ ባለመላክ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርዲኖች በአንዴ ሲገለባበጡ ግን ሳይለወጥ የሚቀር ክፍል የለም። በኢንተርኔት የሚመጣ 4ኬ በአብዛኛው በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት (የሚላከው መረጃ መጠን) ነው፤ 4ኬ ዲስክ እስከ 128 ሊወጣ ይችላል፤ ተራው ብሉሬይ ደግሞ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 አለው። ልዩነቱን ለማየት የዓሣ መንጋ ያለበት ትዕይንት ላይ ፊልሙን ያቁሙና የመንጋውን ጠርዝ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ክንፍና ጅራት መለየት ካቃተ፣ በምትኩም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከታዩ፣ ያ ቅጂ ለባሕር አይሆንም። የአረፋና የጥልቅ ባሕር ብናኝ ትዕይንቶችም እንደዚሁ ያጋልጡታል።

በዚህ መለኪያ የ2017ቱ "ብሉ ፕላኔት 2" በ4ኬ ዲስክ ሊገዛ ይገባዋል። 7 ክፍል አለው፤ ለሥራው 125 ጉዞ ወደ 39 አገሮች ተደርጓል። በታላቁ የአውስትራሊያ የኮራል አጥር አንድ ዓሣ ዛጎሉን በአፉ ይዞ ርቀት ይጓዝና ሁልጊዜ ወደሚጠቀምበት የኮራል ድንጋይ ወስዶ እስኪሰበር ይቀጠቅጠዋል። ይህን ትዕይንት በደከመ ቅጂ ያየ ሰው ዓሣው ምን እንደያዘ እንኳ በደንብ አይለይም። የ2001ዱ የመጀመሪያው "ብሉ ፕላኔት" አሁንም ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ለተራ ጥራት ቴሌቪዥን ዘመን የተሠራ በመሆኑ ርካሹ ዲቪዲ ይበቃዋል።

በ2021 ኦስካር ያገኘው "ማይ ኦክቶፐስ ቲቸር" ዓይነቱ ሌላ ነው። አንድ ጠላቂ፣ አንዲት ኦክቶፐስ፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ፤ ጠላቂው የአየር ጋን እንኳ አልያዘም። ሻርክ የቆረጠው ክንዷ መልሶ ሲያድግ መከታተል ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ስለ ኦክቶፐስ ሥነ ሕይወት ጠለቅ ያለ ማብራሪያ የሚፈልግ ግን ስሜቱ ይበዛበታል።

ዓሣ ማጥመድን የሚተቸውን የ2021ዱን "ሲስፓይረሲ" ለማስተማሪያ የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ፊልሙ የሚያነሣው "ውቅያኖሶች በ2048 ባዶ ይሆናሉ" የሚለው አባባል ምንጩ የ2006 ጥናት ነው። የዚያው ጥናት ዋና ጸሐፊ የተሳተፈበት የ2009 ጥናት ግን በደንብ በሚተዳደሩ አካባቢዎች የዓሣ ሀብት ማገገም እንደሚችል አሳይቷል። ለክርክር መነሻ ይሁን፤ ማስረጃ ግን አይሁን።

የዱር እንስሳት

እዚህ ገዢ የሚሳሳተው በምስል ሳይሆን በቅጂ ምርጫ ነው። የ2009ኙ "ላይፍ" በእንግሊዝ ቅጂው የዴቪድ አተንበሮ ትረካ አለው፤ በአሜሪካው ቅጂ የኦፕራ ዊንፍሬ። ሁለቱም በዲስክ ተሽጠዋል። ሽፋን ላይ ካለው ፎቶ ይልቅ ከጀርባ በትንሹ የተጻፈውን የተራኪ ስምና የእያንዳንዱን ክፍል ደቂቃ ያንብቡ። 60 ደቂቃ ገደማ ከሆነ የቀረጻው ሂደት የሚታይበት መጨረሻው 10 ደቂቃ አብሮ አለ ማለት ነው፤ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተቆርጧል። ያቺን 10 ደቂቃ ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ተመልካቹ ያየው ነገር እንዴት እንደተገኘ የሚነገረው እዚያ ነውና።

ይህ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በረጅም ሌንስ ከሩቅ የሚቀረጽ አቦ ሸማኔ የእግሩ ኮቴ በማይክሮፎን አይያዝም፤ የሚሰማው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። የማሳደድ ትዕይንትም ብዙ ጊዜ ከተለያዩ ቀረጻዎች ይገጣጠማል። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም። የ1958ቱ "ዋይት ዊልደርነስ" ግን ሌሚንግ የተባሉትን አይጥ መሰል እንስሳት ሰው ራሱ ከገደል እየገፋ "ራሳቸውን ያጠፋሉ" ብሎ ያሳየ ነው፤ ያ ተረት ዛሬም ድረስ እንደ እውነት ይወራል።

ተራው ብሉሬይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል የአካባቢ ቁልፍ (ዲስኩን በአንድ የዓለም ክፍል ማጫወቻ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ገደብ) ሊኖረው ይችላል፤ 4ኬ ዲስክ የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ሲገዙ 4ኬው ሠርቶ ተራው እምቢ ቢል መንስኤው ይህ ነው። ብዙ የእንግሊዝ ተከታታዮች ደግሞ በ50 ኸርትዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታደስ ምስል) የተቀዱ ስለሆኑ ማጫወቻውም ቴሌቪዥኑም 50 ኸርትዝ መቀበል አለባቸው፤ ካልሆነ ድምፅ ያለ ምስል ወይም የሚንቀጠቀጥ ምስል ይመጣል።

ለልጆች ከሆነ በ2019ኙ "አወር ፕላኔት" ሁለተኛ ክፍል ዋልረስ የተባሉት ትላልቅ የባሕር እንስሳት ከገደል ሲወድቁ የሚታይበትን ቦታ አስቀድመው ይለፉት።

የአደጋ ፊልሞች

የአደጋ ፊልም ዋና ሀብቱ ሌላ ሰው በሌላ ዓላማ የቀረጸው ምስል ነው፦ የስልክ፣ የጥበቃ ካሜራ፣ የድሮ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም። 4ኬ ቢጻፍበትም ምንጩ አይሻሻልም። የ2022ቱ "ፋየር ኦፍ ላቭ" የካትያና የሞሪስ ክራፍት የእሳተ ገሞራ ቀረጻ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥንዶቹ ሰኔ 3 ቀን 1991 በጃፓኑ ኡንዘን ተራራ፣ 43 ሰው በገደለው የጋለ አመድና ጋዝ ናዳ ሞቱ። ካሜራቸው ድምፅ ስላልቀዳ የላቫው ፍንዳታ ድምፅ በኋላ የተጨመረ ነው። በውበት አቻ የለውም፤ የእሳተ ገሞራን አሠራር ለማስረዳት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከጎኑ የ2006ቱን "ዌን ዘ ሌቪስ ብሮክ" ያስቀምጡት፤ በአራት ክፍል ከአራት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ነሐሴ 29 ቀን 2005 አውሎ ነፋሱ ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ሲመታ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከተማ ውኃ ውስጥ የገባው በነፋሱ ብቻ ሳይሆን የጎርፍ መከላከያ ግድቦቹ በመፍረሳቸው ነው። ፊልሙ ይህን ልዩነት አይለቅም፤ ሰዎቹንም እንደ ሬሳ ቁጥር ሳይሆን እንደ ባለቤት ያናግራቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለሚገዛ የምመክረው ይህንን ነው።

ያልታወቀ ፊልም ሲገጥም የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ብዙ ይናገራል። ምስሉ ላይ ቦታና ሰዓት ይጻፋል? በተዋናይ የተሠራው ክፍል ተለይቶ ይነገራል? ሱናሚን ሰዎች በሰሌዳ ላይ ቆመው እንደሚጋልቡት የስፖርት ማዕበል ተጠቅልሎ የሚወድቅ አድርጎ ካሳየ ይመልሱት፤ ሱናሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እያበጠ እንደማያቋርጥ ጎርፍ ነው። "ባሕሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሸሻል" የሚል ፊልም ደግሞ ሰው ያስገድላል፤ ሁልጊዜ አይሸሽምና። የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ነው፤ ኃይሉን 10 እጥፍ ብሎ የሚያልፍ ፊልም ሌላውንም አላጣራም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በመጨረሻም የፊልሙን ዓመት ከአደጋው ዓመት ጋር ያስተያዩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የወጣ ፊልም የምርመራ ውጤት ሳይደርስለት የተሠራ ስለሆነ ይከራዩት እንጂ አይግዙት።