የአፈር ምርመራና የሳተላይት ካርታ ለሚሸጡላችሁ ብር እንዳትከፍሉ!

ከደሴ አሁን መግባቴ ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም። መስኖ የምታለሙ ሁሉ አንብቡት።

ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ታብሌት ይዘው ማሳ ድረስ ይመጣሉ፣ አረንጓዴና ቢጫ ካርታ ያሳያሉ፣ «ማዳበሪያ በግምት መበተን ቀረ» ይላሉ። እኔም ቦርከና ወንዝ ዳር ላለችኝ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት የዓመት 18,000 ብር ከፈልኩ። የአፈር ምርመራም አለበት ተባልኩ። ከ12 ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሬ፣ አደባልቄ፣ በሁለት ፌስታል አስሬ፣ ስሜን ጽፌበት አስረከብኩ። በሁለት ሳምንት ውጤቱ በስልኬ መጣ። «ናይትሮጅን በጣም ዝቅተኛ፣ ዩሪያ ይጨምሩ» ይላል። ጨመርኩ። ጎረቤቴ «ኧረ በዛ» ሲለኝ «የላብራቶሪ ውጤት ነው» ብዬ አፉን አስያዝኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን መሬት ትቼ ስልክ አመንኩ። ሽንኩርቱ ቅጠል በቅጠል ሆነ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ራሱ ግን አልሞላም። ካርታው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ ነበር።

ዛሬ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ቢሯቸው ሄድኩ። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ፌስታል አስደግፈውበታል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ስሜ ነው። የራሴ እጅ ጽሑፍ። ቋጠሮው እንዳሰርኩት ነው፣ ማንም አልነካውም። ሁለተኛው ፌስታል ደግሞ ጠረጴዛ ሥር፣ ከመጥረጊያው ጋር ተጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አብሽር ጋሼ፣ የዚያ አካባቢ አፈር ያው አንድ ዓይነት ነው፣ ሲስተሙ ራሱ ይገምታል» አለኝ። ይገምታል! ብሬን ስጠይቅ አጠገቡ ያለችው ልጅ እየሳቀች «ውሉን አላነበቡትም እንዴ?» አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ። አላነበብኩትም ነበር።

ካርታውም ቢሆን የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነው፣ በየ5 ቀኑ አካባቢ በነፃ የሚለቀቅ። ይሄን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሳተላይቱ የቅጠል ልምላሜ እንጂ አፈር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አይለካም፣ የሽንኩርቱ ራስ መሙላቱንም አያይም። ደመና ሲሸፍነው ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም።

አፈር ስትሰጡ የላብራቶሪው ስምና የናሙና ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ያዙ። ማኅተም የሌለው ውጤት አትቀበሉ።

ሁለቱንም ፌስታል ይዤ ወጥቻለሁ። ነገ ጠዋት እንደታሰሩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዣቸው እሄዳለሁ።