ለክረምቱ ዳንስ ቤት ወይስ የባህል ውዝዋዜ? ልጅ ለማስመዝገብ ለምታስቡ የባሕር ዳር ወላጆች

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ልጄ ዓይን አፋር ናት፣ ትንሽ ትፈታ ብዬ ነው፤ የት ላስገባት?» ጎረቤቱም፣ የመሥሪያ ቤት ሰውም ይኼንኑ ይጠይቃል። ሁለቱን ልጆቼን ሁለት የተለያየ ቦታ ስላስተማርኩ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ከተማችን ውስጥ ምርጫው በደምሳሳው ሁለት ነው። አንዱ ፎቅ ላይ ያለ፣ መስታወትና ትልልቅ ስፒከር የገጠመ ዘመናዊ ዳንስ ቤት ነው። ሌላው አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከበሮ ይዞ እስክስታ የሚያስተምር የባህል ቡድን ነው። እኔ የከበሮው ወገን ነኝ፤ አልደብቅም።

ከብሩ እንጀምር። ትልቋ የገባችበት ዳንስ ቤት በወር 1,200 ብር ነበር። መመዝገቢያ 300፣ ቲሸርት 600፣ ማብቂያው ላይ ደግሞ «የምረቃ ፕሮግራም» ተብሎ 1,500። የሁለት ወሩ ሒሳብ 4,800 ገባ። የቲሸርቱ ጽሑፍ ገና ሁለቴ ሳይታጠብ ተላጠ። የትንሹ የባህል ቡድን በወር 700 ብር ያስከፍላል፤ ሁለት ወር 1,400፣ አለቀ።

ግን የባህሉም ቤት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። «ልብስ ከእኛ ነው የሚገዛው» የሚሉ አሉ። ያኔ ቀሚሱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የተሸመነ ጥበብ ክሩ በጀርባም ይታያል። የታተመው ግን ከኋላው ነጭ ነው፤ ላብ ሲነካው ቀለሙ የልጅቷ አንገት ላይ ይወርዳል። ለዚያ 2,000 ብር የከፈለች ጎረቤት አለችኝ፤ አሁን የጠረጴዛ መወልወያ አድርጋዋለች። ለልምምድ ቁምጣና ካናቴራ ይበቃል።

መብራትስ? መብራት ሲጠፋ ዳንስ ቤቱ «ዛሬ የለም» ብሎ ልጆቹን ይመልሳል። የባጃጁን ግን ከፍላችኋል፣ የቀረው ክፍለ ጊዜም አይካካስም። ከበሮ መብራት አይፈልግም። በርግጥ በክረምት እርጥበት ቆዳው ይረግባል፤ ይኼኔ አሰልጣኙ ከሰል አስቀጥሎ ያሞቀዋል። ልጆቹም ዙሪያውን ቁጢጥ ብለው እስኪወጠር ይጠብቃሉ፤ በየተራ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ይሞክራሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ስለ ድፍረቱ። ዳንስ ቤቱ ውስጥ ቀልጠፍ ያሉት ፊት ይሰለፋሉ፣ ምክንያቱም ለቲክቶክ ይቀረጻሉ። ዓይን አፋሯ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተደብቃ ክረምቱን ትጨርሳለች። እስክስታ ላይ ግን ክብ ተሠርቶ እየተጨበጨበ ሁሉም በየተራው መሐል ይገባል። የትንሹ አሰልጣኝ አንዲት አንገቷን የደፋች ልጅ መሐል ስትገባ ምቱን ቀስ አደረገላት። ትከሻዋ ትንሽ ነቅነቅ እስኪል ጠበቃት፤ ከዚያ ከበሮውን ከእሷ ጋር አፈጠነው። አልጮኸባትም፣ «አይዞሽ» እንኳን አላላትም። ልጆቹ እልል አሉላት። የጎጃሙን ሲጨርሱ የጎንደሩን፣ የወሎውንና የአገውን ይይዛሉ፤ እዚህ ያልቀናው እዚያ ይቀናዋል።

ሥነ ምግባርም አለበት። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያሳያሉ፣ ሲያበቃ አዳራሹን የሚጠርጉት ራሳቸው ናቸው። ዳንስ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አለው፤ እሱም ከእኛው ኪስ ነው።

ልጃችሁ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎት ሂፕ ሆፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካለ ዳንስ ቤት ውሰዱት፤ በግድ ትከሻ አይወርድም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ዝግጅት ሲኖር ግን መጀመሪያ አንዴ አሳዩት፤ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

የትም ብታስመዘግቡ ክፍያው በወር ይሁን። «የሁለቱን ወር አንዴ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» ከተባላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ቁጭ ብሎ ማየት ለወላጅ ክልክል ከሆነ ግን ልጁን ይዛችሁ ውጡ።