የአያቴን የተማሪነት ትዝታ የቀዳሁበት ዙም ኤች 1 ኤን

ዙም ኤች 1 ኤን የተባለው አነስተኛ የድምፅ መቅጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ለሙዚቃና ለቪዲዮ ሥራ በሚሰጠው ጥቅም ነው። እኔ ግን የምመዝነው አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ በነበረው የገጠር ትምህርት ቤት የተማሩትን አያቴን ትዝታ በራሳቸው አንደበት ለማስቀረት ስለተጠቀምኩበት ነው። ለዚህ ሥራ ከስልክም ከማስታወሻ ደብተርም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያቴ የድምፁ ጥራት ነው። በመሣሪያው አናት ላይ በ90 ዲግሪ ተሻግረው የተቀመጡት ሁለቱ ማይክሮፎኖች ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ጭምር ስለሚይዙ፣ ተራኪውና ጠያቂው በመሣሪያው ግራና ቀኝ ከተቀመጡ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ማን እንደተናገረ በቀላሉ ይለያል። አያቴ ስለ ማባዣ ሰንጠረዥ ሲነግሩኝ ማብራሪያውን ትተው ዜማውን ጀመሩት። ትልልቆቹ ተማሪዎች ሲያዜሙ ትንንሾቹ ገና ያልደረሱበትን ትምህርት እየሰሙ በቃላቸው ይይዙት እንደነበር በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልዩ ልዩ ደረጃ ላይ ያሉ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲማሩ ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን ማስጠናታቸው በብዙ አገሮች የታወቀ አሠራር ነው፤ መምህሩ ወደ አንዱ ረድፍ ሲዞሩ ሌላው ረድፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዴት ይቀጥል እንደነበር ግን አያቴ ራሳቸው እያዜሙ አሳዩኝ። በደብተር ብጽፈው ኖሮ የሚቀርልኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያቴ መሣሪያው ለረጅም ጨዋታ የሚመች መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰዎች ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ዘመናቸው አብዝተው እንደሚያስታውሱ በሥነ ልቦና ጥናት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አረጋውያን ስለ ትምህርት ቤታቸው ማውራት ከጀመሩ ማቋረጥ ያሳዝናል። መቅጃው በሁለት ትንንሽ ደረቅ ባትሪዎች ቢበዛ ለ10 ሰዓታት ይሠራል፣ እስከ 32 ጊጋባይት የሚደርስ ማይክሮ ኤስዲ ካርድም ይቀበላል። ባልተጨመቀው የዋቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የጥራት ልክ፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ በሙሉ ካርድ 30 ሰዓት ገደማ ይቀዳል። ለቤተሰብ መዝገብ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ድምፁን በሚጨምቀው በኤም ፒ 3 መቅዳትን አልመክርም፤ ዋናው ቅጂ ሳይጨመቅ ከተቀመጠ የሚላከውን ቅጂ ከእሱ ማውጣት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቃለ ምልልሱን ወደ ጽሑፍ ስለውጥ ያገኘሁትን እገዛ ነው። የማዳመጫውን ፍጥነት መቀነስና አንድን ቦታ ከመነሻ እስከ መድረሻ ለይቶ ደጋግሞ ማስደመጥ ስለሚችል፣ የሰዎችንና የቦታዎችን ስም ሳልገምት ለመጻፍ ችያለሁ። ከጀርባው ያለው ትንሽ ድምፅ ማጉያም ቀላል ነገር አይደለም፤ አያቴ የተናገሩትን ወዲያው ሲያዳምጡ ረስተውት የነበረውን የጠመኔ ሰሌዳ፣ ከዚያም አጠገባቸው ይቀመጥ የነበረውን ልጅ አስታወሱ።

ጉድለቶችም አሉት። አካሉ ፕላስቲክ በመሆኑ በእጅ ሲያዝ የመነካካቱ ድምፅ አብሮ ይቀዳል፤ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጎ ከተናጋሪው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ማስቀመጥ ይሻላል። የንፋስ መከላከያ ስፖንጁ ለብቻው ስለሚሸጥ ውጭ ለመቅዳት ያሰበ ሰው አብሮ ይግዛው። የድምፁ መጠንም አስቀድሞ መስተካከል አለበት፤ ድንገተኛ ሳቅ ከልኩ ካለፈ የተበላሸው ድምፅ በኋላ አይቃናም።

ይህን የመጨረሻውን ጣጣ ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ተተኪውን ኤች 1 ኤሴንሺያል ቢመለከት መልካም ነው፤ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ ሳያበላሽ በሚይዘው፣ 32 ቢት ፍሎት በተባለው ዘዴ ስለሚቀዳ መጠን ማስተካከል አያስፈልገውም። ኤች 1 ኤን በእጁ ላለ ሰው ግን አዲሱን ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት አላየሁም፤ ድምፁን አንዴ አስተካክሎ አያቶቹን ዛሬውኑ መጠየቅ ይችላል። «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ከማለት ይልቅ «በየትኛው በኩል ይቀመጡ ነበር? ከማን ጋር ነበር የሚሄዱት?» ብሎ ቢጀምር የሚያገኘው መልስ ይረዝማል።