ሬዲዮዬን ኮረብታ ላሻገረልኝ ልጅ

ሲያትል ሬኒየር ቫሊና አካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ ታክሲና ኡበር ለምትነዱ ነው የምጽፈው። የመኪናዬን ድምፅ ስላስተካከለልኝ ልጅ ነው። ዘመዴ አይደለም። ጻፍልኝም አላለኝ። ግን ዝም ብል ቅር ይለኛል።

መኪና ውስጥ ስገባ የሰፈራችንን ሬዲዮ 105.7ን ነው የምከፍተው። ኬቪአርዩ። ዝቅተኛ ኃይል ከሚባሉት ትናንሽ ጣቢያዎች አንዱ ነው። በእነሱ ላይ የንግድ ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ እኔን የያዘኝም አንዱ ይሄ ነው። ኃይላቸው ደግሞ ከ100 ዋት እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክላል። 100 ዋት እኮ ድሮ ሳሎን የምንሰቅለው አምፖል ነው! ድምፁ ደህና ተሰማ ቢባል ሦስት ማይል ተኩል ያህል ነው። ቢከን ሂል የሚባለውን ኮረብታ ተሻግሬ ወደ ኤርፖርት ሳቀና «ሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ይቀረኛል። በጣቢያው አልፈርድም። ኤፍኤም ኮረብታ ከጋረደው አለቀለት።

«አባዬ፣ በስልክህ ለምን አትሰማውም?» አለችኝ ልጄ። ጣቢያው በኢንተርኔትም ይተላለፋል። ከፈተችልኝ፤ ከመኪናው ጋር በብሉቱዝ አገናኘችውና ሄደች። ጣጣው ከዚያ ጀመረ። ስልክ ሲደወልልኝ በመኪናው ስፒከር ጥርት ብሎ ይሰማል። ሬዲዮው ግን እዚያው ስልኩ ውስጥ ይንሾካሾካል።

አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው መኪናው ውስጥ እንኳ ሳይገባ «ቴፑ ሞቷል፤ በ400 ዶላር አዲስ እንግጠምልህ» አለኝ። 400 ዶላር ስንት ቀን ተነድቶ እንደሚገኝ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ከነዳጅ ማደያ፣ የመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ላይ ተሰክቶ የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚልከውን ትንሽ ማስተላለፊያ ገዛሁ። እሱ ደግሞ ማንም ያልያዘው ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል። ከተማ መሃል ከየት ይምጣ? አሁን የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ወዳጄ ነው ወደዚህ ልጅ የላከኝ። ሐበሻ ነው፤ መኪና ውስጥ ኤሌክትሪክና ድምፅ ነክ ነገር ይሠራል። መፍቻ ሳያነሳ ጎኔ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ሲደወልልዎት በመኪናው ይሰማዎታል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያውስ ቴፑ አልሞተም።» ለካ በብሉቱዝ የስልክ ጥሪና ሙዚቃ በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት። አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊዘጋ ይችላል። ስልኬ ላይ የመኪናዬን ስም ነካ፤ «የሚዲያ ድምፅ» የሚለው ጠፍቶ ነበር። አበራው። ሬዲዮው መኪናውን ሞላው። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ልከፍል።

«ቆይ ጋሼ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ልጁን የወደድኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ብሩን ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና ስለ ልጆቼ ይጠይቀኝ ጀመር። አሥር ደቂቃ ያህል አወራን። ስክሪኑ ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውም ጸጥ አለ። «ይሄን ነበር የምጠብቀው» አለ። ባትሪ ቆጣቢው ሬዲዮውን ከኋላ እየዘጋብኝ ነው። ለዚያ መተግበሪያ ብቻ ገደቡን አነሳለት።

ቀጥሎ መኪናው የመዘገባቸውን ስልኮች አወጣ። ያገለገለ መኪና ነው የገዛሁት። የቀድሞው ባለቤት ስልክ እስከ አሁን አለ! የልጄም፣ የባለቤቴም አለ። ሁሉንም አጠፋና የእኔን እንደ አዲስ አገናኘ። አለበለዚያ ባለቤቴ አብራኝ ስትገባ የእሷ ስልክ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል አለኝ። ዳታ እንዳይበላብኝ ስጠይቀውም አሰላልኝ፤ ድምፁ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የሚመጣ ከሆነ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ነው። ቪዲዮ ከማየት ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ቁልፉን ተቀብሎኝ ራሱ ነዳ። ቢከን ሂልን ወጥተን ወረድን። አልተቋረጠም።

«ዕቃ አልቀየርኩም፤ ምን ያስከፍላል?» ብሎ ተግደረደረ። 40 ዶላር ወንበሩ ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

እንከኑንም ልንገራችሁ፤ አይቸኩልም። አንድ መኪና ከያዘ የእናንተን ረስቷል ማለት ነው። ሲሠራም ስልክ አያነሳም። ስሙን እዚህ አትጻፍ ስላለኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትሂዱ፤ ወረፋው አይጣል ነው።