ከማድሪድ የአንድ ቀን ጉዞ፦ ቶሌዶ ወይስ ሴጎቪያ?

ማድሪድ ደርሰው አንድ ቀን የተረፋቸው ወዳጆቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ቀን እናስጎበኛለን የሚሉም አሉ፤ እባካችሁ አትግዙት። ቀኑ በአውቶቡስ መውጣትና መውረድ ያልቅና ከተማ ሳይሆን መንገድ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

በፈጣን ባቡር ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው፤ ልዩነቱ ከወረዱ በኋላ ነው። ከማድሪዱ አቶቻ ጣቢያ የሚነሳው የቶሌዶ ባቡር ከአሮጌው ከተማ ግርጌ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ የታሆን ወንዝ በአልካንታራ ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን መያያዝ ነው። የሴጎቪያው ከሌላው የማድሪድ ጣቢያ፣ ከቻማርቲን፣ ይነሳል፤ የሴጎቪያ ጣቢያ ግን ከከተማው ርቆ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሌላ አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው። ለሴጎቪያ እኔ የምመርጠው ማድሪድ ውስጥ ካለው ከሞንክሎዋ የሚነሳውን አውቶቡስ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ነገር ግን ከመናኸሪያው ሮማውያን ውኃ ወደ ከተማው ለማምጣት እስከሠሩት የውኃ ድልድይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ቶሌዶ ባለጸጋ ናት። በ999 እ.ኤ.አ. የተሠራ ትንሽ መስጊድ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ ታላቅ ካቴድራል፣ ሁለት ጥንታዊ ምኩራቦች በእግር በሚደረስበት ርቀት ይገኛሉ። ኤል ትራንሲቶ በሚባለው ምኩራብ ግድግዳ ላይ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ዙሪያውን ተቀርጿል፤ እስራኤል ኖሮ ዕብራይስጥ የለመደ ወገን ቆሞ ፊደሉን ሲለቅም ማየት ደስ ይላል። ሰኞ ዝግ መሆኑን አትርሱ። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የሠዓሊውን የኤል ግሬኮን ሥዕል ነው፤ የኦርጋዝን ባላባት ቀብር የሚያሳየውን። በስተግራ በኩል ወደ አስከሬኑ በጣቱ የሚያመለክት ልጅ አለ፤ የሠዓሊው ልጅ ነው ይባላል። ከኪሱ ብቅ ያለችውን መሐረብ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው እዚያች ላይ ነው።

ሰባት ሥፍራዎችን የሚያስገባ በእጅ የሚታሰር የጎብኚ አምባር ይሸጣል፤ ሳንቶ ቶሜንና መስጊዱን ይጨምራል፣ ካቴድራሉን ግን አይጨምርም። ሦስትና አራት ሥፍራ ለማየት ያሰበ ይግዛው። ችግሩ አምባሩን ያሰረ ሰው ሰባቱንም ካላየሁ ብሎ መሮጡ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጠባብ፣ ዳገትና ድንጋይ ነው። በበጋ ሙቀቱ ይከብዳል።

ሴጎቪያ የምታሳየው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን ያጠግባል። የውኃ ድልድዩ ከፍታው 28 ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋዮቹ ያለ ምንም ማጣበቂያ የተደራረቡ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ፣ ሮማውያኑ ድንጋዩን በብረት መቆንጠጫ ይዘው ሲያነሱ የቀሩት ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። እኛ ላሊበላን ሲያንጹ መላእክት ሌሊት አገዙ እንላለን፤ የሴጎቪያ ሰዎች ደግሞ ድልድዩን ውኃ መቅዳት ለሰለቻት ልጅ ነፍሷን ሊወስድ የተዋዋለ ዲያብሎስ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ሞከረ፣ አንድ ድንጋይ ሲቀረው ነጋበት ይላሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ካቴድራሉ አደባባይ መውጣት፣ ተቀምጦ ቡና መጠጣት፣ ከዚያም በከተማው ጫፍ እንደ መርከብ አፍንጫ ሾሎ ወደቆመው አልካዛር ወደሚባለው ቤተ መንግሥት መሄድ ነው። ኢሳቤላ በ1474 እ.ኤ.አ. የካስቲያ ንግሥት ተብላ የታወጀችው በዚህች ከተማ ነው።

ምግቡም ይለያል። የሴጎቪያ መታወቂያ በምድጃ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል ነው። አብዛኞቻችን ስለማንበላው በአካባቢው የታወቀውን የበግ ጥብስ እዘዙ። የቶሌዶው ከለውዝ (ከኦቾሎኒ ሳይሆን ከአልሞንድ) እና ከስኳር የሚሠራው ማሳፓን የተባለ ጣፋጭ ነው፤ አንዳንዱ እንቁላል ስለሚቀባ የምትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ዝግ ብሎ ለመዋል፣ በተለይ እናት አባት ወይም ሕፃናት ይዞ ለሚሄድ፣ ምርጫዬ ሴጎቪያ ነው። ታሪክና ሥዕል የሚወድ ሰው ቶሌዶ ይሂድ፤ ቢችል ግን ይደርባት። ማታ ጎብኚው ሲመለስ መንገዶቹ ጸጥ ይላሉ። ማደር የማይችል የመመለሻውን የባቡር ትኬት ከመሄጃው ጋር ይቁረጥ፤ እኔ አንድ እሑድ ይህን ባለማድረጌ ባቡሩ ሞልቶ በአውቶቡስ ቆይቼ ተመልሻለሁ።