ለቆዳ ሐኪማችን ምስጋና፤ ድሬዎች፣ የልጅ ማርያት ከማስነካታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ

ይህን የምንጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ለቤት የምንዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። ከዚራ የሚሠሩትን የቆዳ ሐኪም ሳናመሰግን መቅረት ከበደን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን።

ሌላ ቦታ የተደረገው አሁንም ያንገበግበናል። የ4 ዓመት ልጅ ጉንጭ ላይ የነበረች ማርያት «ቀላል ናት» ተብላ ተተኮሰች፤ ናሙና እንኳ ላቦራቶሪ አልተላከም። ማርያት የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ የሚወጣ ነው፤ ላዩ ሲቃጠል ሥሩ ሊቀር ይችላል። ከወራት በኋላ ጠባሳው ውስጥ ቅርጿ ተበላሽቶ ተመለሰች። እንዲህ የተመለሰች ማርያት በማይክሮስኮፕ ስትታይ እንኳ ካንሰር ልትመስል ትችላለች። በክር ማሰሩም፣ በአሲድ መንካቱም ጣጣው ያው ነው።

ልጁ እሳቸው ጋ ሲሄድ ዶክተሯ መጀመሪያ ያዩት ጉንጩን አልነበረም። ተንበርክከው ጫማውን ራሳቸው አወለቁለት፤ ውስጥ እግሩን፣ የጣቶቹን መሐል፣ ጥፍሮቹን አዩ፤ ጸጉሩንም እየከፈሉ ፈተሹ። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ልጅ ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው፣ ያ ደግሞ ከፀሐይ ጋር አይያያዝም። ልጁ ሲፈራ «አባዬ፣ ማስመሪያውን አንተ ያዝልኝ» አሉት። ጉንጩን ከማስመሪያው ጋር በእናቱ ስልክ አነሱና «በ6 ወር መስኮት አጠገብ ደግመሽ አንሺው፣ ሁለቱን አመሳክሪ» አሏት። እግዜር ይስጥልን!

ከማርያት ጋር የሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 1 ያህሉ ናቸው። አብዛኛው በኋላ ይወጣል፣ እስከ ጉልምስና ይጨምራል፣ ከልጁ ጋር አብሮ ይሰፋል፤ ስለዚህ አዲስ መውጣቱ ብቻ አያስደነግጥም። ፀሐይ ቁጥሩን የምታበዛው በተለይ ቀላ ያሉ ልጆች ላይ ነው። ቆዳው ነጭ የሆነ አልቢኖ ልጅ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ውሰዱት።

የሐረር ነፋሻ አየር አያታልላችሁ። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለምትል የፀሐይ ጨረሩ እዚያ ይበረታል፣ ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ፣ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይበቃል። የፀሐይ ክሬም ከሆነ 30 ቁጥርና ከዚያ በላይ፣ በየ2 ሰዓቱ የሚደገም፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጥላ ይሻላል። ቅቤና ቫዝሊን ፀሐይ አይከላከሉም።

ከሌሎቹ የተለየች ማርያት፣ የምትደማ፣ በፍጥነት የምታድግ ወይም ቀለሟ የተደበላለቀ ካያችሁ፣ አቦ፣ አትዘግዩ፤ እሳቸው ጋ ሂዱ። ካንሰሩ ልጅ ላይ ሮዝ ሆኖ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሴት ልጅ ስትወስዱ ሂና ወይም እንሶስላ ሳትቀቧት ውሰዷት፤ ጥፍሯና ውስጥ እግሯ ከቀላ ምንም አይታይም።